ጡጦውን የደፋሁ ቀን

የዚያን ቀን ካዛንቺስ ባለችው አንድ ክፍል ቤታችን የነበርነው እኔ፣ የአሥራ አንድ ቀን ልጄ፣ አማቴ፣ ግሮሰሪ ያላት ጎረቤታችንና ከጤና ጣቢያ የመጣች ወጣት ባለሙያ ነን። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበር።

ልጄ ጡት ትይዝና ወዲያው ትለቃለች። ክብደቷም ቀንሷል። አማቴ የዱቄት ወተት በጡጦ በጥብጠው ይዘው ቆመዋል።

«ወተት የለሽም፣ ልጄ። በግትርነትሽ ልትጨርሻት ነው?»

«አለኝ። ቀሚሴ መራሱን አያዩም?» አልኩ። ከዚያ በፊት መልስ ሰጥቻቸው አላውቅም።

ባለሙያዋ ሥራዋ ሰው የየዕለት ተግባሩን እንዲችል ማገዝ እንደሆነ ነገረችን፤ መብላት፣ መልበስ፣ ልጅ መያዝ።

ጎረቤቴ ሳቀች። «ልጅ መያዝም ትምህርት ሆነ?»

ባለሙያዋ ሳጠባ አየችኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ጎብጬ፣ እግሬ ተንጠልጥሎ፣ ጡቴን በሁለት ጣቴ ወደ ኋላ ተጭኜ ነበር።

«ለምን ትጫኚዋለሽ?»

«አፍንጫዋ እንዳይታፈን።»

«እየጎተትሽ ከአፏ ታወጪባታለሽ።»

ፈሪነቴ ነበር ልጄን ያስራባት።

ከዚያ ባለሙያዋ ልጄን እንደ ወጉ እጇን ጭምር ከጠቀለልንበት ጨርቅ ፈታቻት።

«ትደነግጣለች፣ ተያት» አሉ አማቴ።

«እማማ፣ በእጇ ጡቱን ትፈልግበት።» ወደ ጎረቤቴ ዞራ ባዶ የቢራ ሳጥን ጠየቀቻት።

«አራስ ቤት ቢራ ልታስገቢ?» አለች ጎረቤቴ፤ ግን አመጣች።

እግሬን ሳጥኑ ላይ አሳረፍኩ፣ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ። የታጠፈ ጋቢ ክንዴ ሥር ገባ፤ የልጄ ሆድ ሆዴ ላይ ተለጠፈ። ስትውጥ ሰማኋት።

«ከሦስት ቀን በኋላ አስመዝኛት፤ ካልጨመረች ሌላ እናያለን» አለች ባለሙያዋ።

«ጡጦው ግን ለማታ ይቀመጥ» አሉ አማቴ።

ተቀብዬ ግቢ ወጥቼ ደፋሁት። አማቴ ተከትለውኝ ወጡ።

«ግፍ አትፈሪም?»

«እፈራለሁ። ግን አይቀመጥም።»

ልጄ ክብደት ጨመረች። ሁለት ዓመት አጠባኋት፤ ታክሲ ውስጥም፣ ስታዲየም አጠገብ ሰልፍ ላይም። ተሸፈኚ ያለኝ ሁሉ ፊቱን ያዙር አልኩ።

ዛሬ ማጥባት ያቃታት አራስ ስሰማ ሳልጠራ እሄዳለሁ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ምን ታውቃለች ይሉኛል። ያየሁትን አውቃለሁ። አሁን ግን በአዲሱ ሰፈሬ አንድ እጇ የማይሠራ ጎረቤት ልትወልድ ደርሳለች፤ ዘመዶቿ ገና ሳትወልድ ጡጦ ገዝተዋል። እሷ ማጥባት ትፈልጋለች፣ እኔ ደግሞ ልጅ በአንድ እጅ እንዴት ለጡት እንደሚያዝ አላየሁም። የካዛንቺሱ ሰፈራችን ሲፈርስ ከባለሙያዋ ተጠፋፍተናል። የት እንደምትሠራ የምታውቁ ንገሩኝ።