«የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ»

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፣ ለልጆቼም አልነገርኩም። ሰላት ላይ በግንባሬ ተደፍቼ እንኳ ቃሉን ከአፌ አላወጣሁትም፤ አላህ ያውቀዋል ብዬ አልፈው ነበር። አሁን ግን አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አቃተኝ። ከመደቡ እነሳለሁ፣ በር ድረስ እሄዳለሁ፣ ደግሞ እመለሳለሁ። ስለዚህ የማላውቅህ አንባቢ፣ አንተ ስማኝ።

ይማም እባላለሁ። የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከስኳር ከረጢትና ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ነው፤ ማንም እጄን አልያዘኝም። በአማርኛም በኦሮምኛም ቆሜ ስናገር ሰው ትንፋሹን ውጦ ይሰማኝ ነበር። በጨፋ ሸለቆ፣ በእኛ መንደር፣ እንደ እኔ ሰው ማስማማት የሚችል አልነበረም፤ አሁንም የለም። ይህን ለጉራ ብቻ አላልኩትም። ጥፋቱን ያጠፋሁት በዚሁ ችሎታዬ ስለሆነ ነው። ሰነፍ ሰው ቢሆን ኖሮ አይሳካለትም ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት በኋላ የቅሬያችን ዳኛ ነበርኩ። ቅሬ ሬሳ የሚያነሳ፣ መቃብር የሚቆፍር፣ ሐዘንተኛን የሚያስተዛዝን የመንደር ማኅበር ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ድግሱ አይበላለትም፣ ሲሞትበት አይቀበርለትም። በእኛ ቅሬ ነገር የሚቆረጠው እንዲህ ነው፦ ከጁምዓ ሰላት በኋላ መስጊዱ አጠገብ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። ከታናሹ ጀምሮ ሁሉም የልቡን ይናገራል። አንድ ሰው እንኳ «አይ» ካለ ነገሩ ለሌላ ጁምዓ ያድራል። ሁሉም አንድ ሲሆን ሸህ ዑመር ዱዓ ያደርጋሉ፤ እኛ አሚን እንላለን። አሚን የተባለበት ነገር አይፈርስም። አባቶቻችን ይህን ሲያበጁ አንድ ሰው ብቻውን ሌላውን እንዳይጎዳ ብለው ነው። እኔ ያን ደንብ ሳላፈርስ አፈረስኩት።

ሙሄ የሚባል ጎልማሳ ነበር፤ ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ከእናቱ ጋር የሚኖር። አንድ ጁምዓ ፊደልን እንዴት ለብቻዬ እንደለየሁ ለሰው ስተርክ ከወዲያ ጥግ ሆኖ፣

«አያ ይማም፣ ራስህን ማስተማርህስ ደግ፤ ፈተናውን ማን ሰጠህ?» አለኝ።

ክቡ ሁሉ ሳቀ። ሸህ ዑመር እንኳ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ሳቄ ከጥርሴ አላለፈም። ከዚያ ወዲህ ጨፋ ሮቢት ገበያ በሬ ስደራደር አንዱ ከኋላዬ «አለፈ ወይስ ወደቀ?» ይላል። ቀልድ ነው፤ ሰው በቀልድ ይሞታል እንዴ? እኔ ግን ያችን ቃል ይዤ ከረምኩ። ቂም ለካ እንደ ማሽላ ሥር ነው፤ ላይ ላዩን ስታጭደው ታች ይቀራል።

ክረምት ሲገባ አንድ የመንደራችን ሰው ሞቶ ሙሄ ከቀብር ቀረ። ላሙ ቦርከና ወንዝ ዳር ረግረግ ውስጥ ሰምጣበት ሲጎትት ውሎ ነው፤ ላሚቱም አልተረፈች። በማግስቱ ጭቃው ከእግሩ ሳይለቅ መጥቶ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አለ። በደንቡ ተወቅሶ፣ ተመርቆ የሚያልቅ ነገር ነበር። እኔ ግን ነገሩ ለጁምዓ ይደር አልኩ።

ከጁምዓው በፊት ቤት ለቤት ዞርኩ። መጀመሪያ የገባሁት እንድሪስ ቤት ነው፤ የሙሄ ጎረቤት፣ በአንድ ጥንድ በሬ አብረው የሚያርሱ። እርሱን ከያዝኩ ሌላው ቀላል እንደሆነ አውቄ ነው የጀመርኩበት። ሙሄ ቅሬውን ንቋል፣ ይውጣ ተብሏል አልኩት። እንድሪስ ደነገጠ። ላሙ ሞታበት እኮ ነው አለኝ። ያኔ ያንን ቃል አልኩት፦

«ሁሉም ተስማምቷል። የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ።»

መሬት መሬት እያየ «ቶሌ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። ከሰው ተለይቼ ምን እሆናለሁ ብሎ ጨመረበት።

ማን ነበር የተስማማው? ማንም። ከእንድሪስ በፊት የጠየቅሁት አንድ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ቤት ሄድኩ፣ እዚያም ሁሉም ተስማምቷል አልኩ። ወደ ሦስተኛውም። አንዱ በኦሮምኛ ተከራከረኝ፣ በኦሮምኛ አሸነፍኩት። አንዱ ሚስቱን ተመለከተና እሺ አለ። እያንዳንዱ ተቃውሞው በአፉ ደርሶ «ሁሉም» ስለው ይውጠዋል። የመጨረሻው በር ስደርስ ውሸቴ እውነት ሆኖ ነበር። እና ታውቃለህ? ስመለስ ደስ ብሎኝ ነበር። እንዴት ያለሁ ሰው ነኝ ብዬ በራሴ ተደንቄ ነበር።

ጁምዓ ተቀመጥን። ከታናሹ ጀምሮ ሁሉም ይውጣ አለ። ማንም የማንንም ዓይን አላየም። ሸህ ዑመር ወደ እኔ ዞረው፣

«ይማም፣ ይህ የሁሉም ልብ ነው?» አሉኝ።

«የሁሉም ነው፣ ሸሆቹ» አልኳቸው።

ዱዓ አደረጉ። አሚን አልን። የእኔ አሚን ከሁሉም ይሰማ ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ የሙሄ እናት ሞቱ። የቅሬው ቃሬዛና አካፋ እኔ ቤት ነበር የሚቀመጠው። ሙሄ በጠዋት መጣ። ደጄ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«አያ ይማም፣ ሰው ስጠኝ አላልኩም። ቃሬዛውን ብቻ ስጠኝ፣ እመልሰዋለሁ።»

«የቅሬው ዕቃ ነው ሙሄ። እኔ ብቻዬን አልወስንም» አልኩት።

እኔ ብቻዬን አልወስንም! ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ብቻዬን የወሰንኩት እኔ፣ በዚሁ አፌ።

ዞሮ ሄደ። እናቱን በአልጋ፣ ከጨፋ ሮቢት ከመጡ ከሁለት ዘመዶቹ ጋር አወጣቸው። ከመንደሩ ሸህ ዑመር ብቻ በምርኩዛቸው ተከተሉት፤ ጀናዛ ላይ መስገድ ከቅሬ በላይ ነው ብለው። የቀረነው በየአጥራችን ቆመን አየን። አራተኛ ተሸካሚ ስላልነበረ አልጋው ባንድ በኩል ይዘም ነበር። እንድሪስ የራሱን አካፋ ትከሻው ላይ አድርጎ ደጁ ድረስ ወጣ። ወዲያ ወዲህ አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። አንድ እርምጃ ብራመድ መንደሩ በሙሉ ይተማል፣ ይህን አውቃለሁ። ፊደል ብቻ አይደለም፣ ሰውም ማንበብ እችላለሁ። የእያንዳንዱን ፊት አነበብኩ፣ ሁሉም የሚጠብቀው የመጀመሪያውን ሰው ነበር። አልተራመድኩም። እንድሪስ አካፋውን አውርዶ ገባ።

ሙሄ ከብቱን ሸጦ ከሚሴ ገባ። እዚያ ኖረ፣ እዚያ ወለደ፣ ዛሬም እዚያ ነው። አንዴ መናኸሪያው ላይ አግኝቶኝ አካም ብሎ ጨበጠኝ፣ የመንደሩን ሰው አንድ በአንድ ስም እየጠራ ደኅንነቱን ጠየቀኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያም ሆኖ እዚህ ድረስ ያልተናገርኩት ሌላ ነው። ዓመታት አልፈው እንድሪስ ታሞ ሊሞት ሲል አስጠራኝ። ሰውነቱ አልቆ ነበር። እጄን ይዞ፣

«አያ ይማም፣ የዚያን ጊዜ ሁላችሁም ቆርጣችሁ ነበር። እኔ አንድ ሰው ነበርኩ፣ ግን አይ ብል ለሌላ ጁምዓ ያድር ነበር። ፈሪ ነኝ። ሙሄን አውፍ በለኝ ብሎሃል በልልኝ» አለኝ።

ምን ልለው ይገባ ነበር? የመጀመሪያው በር ያንተ ነው፣ ከኋላህ ማንም አልነበረም፣ የዋሸሁህ እኔ ነኝ፤ ይህን ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ? «አላህ መሐሪ ነው» አልኩት። የማያውቀውን ጥፋት ተሸክሞ ሲሄድ እጁን ይዤ አየሁት። መልእክቱንም ለሙሄ አላደረስኩም፤ ባደርሰው ሙሄ ይጠይቀኛላ።

ከዚያ ክብ አሁን ጥቂት ሰው ቀርቷል። እያንዳንዱ ብቻዬን ደካማ ነበርኩ ብሎ ያስባል፤ ስለዚህም እርስ በርስ አያወሩትም። አንድ ሰው እንኳ ሙሄ ይውጣ ብሎ አልፈለገም። የፈለግኩት እኔ ነኝ። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ በዚህም ስንት ቀን ወደ ከሚሴ የሚሄድ ሚኒባስ አስቁሜ፣ ረዳቱ ግባ ሲለኝ ተመልሻለሁ።

አንተን አውፍ በለኝ አልልህም፤ የአንተ አይደለም። ነገር ግን ከዚያ ቅሬ የሆንክ ሰው ይህን ካነበብክ ወይም ከተነበበልህ፣ ተነስና ከሚሴ ሙሄ ቤት ሂድ። ሌላው ሄዷል ወይ ብለህ ማንንም አትጠይቅ። እኔንም አትጠይቀኝ።