ማማው ዝም ሲል

ጉልበቴ አልታጠፍም ካለ ወዲህ፣ እዚሁ ቆቦ አንዲት ወጣት እኛን አሮጊቶቹን ወንበር ላይ አስቀምጣ ዮጋ ታሠራናለች። ክንድ ማንሳቱንና አንገት ማዞሩን ወድጄዋለሁ። የሚያናድደኝ መጨረሻው ነው። ዓይናችንን አስጨፍና በለስላሳ ድምፅ፣ «ትከሻችሁን ልቀቁት፤ ጸጥታውን ስሙት» ትለናለች። ሌሎቹን ወዲያው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እኔ ግን ቤቱ ጸጥ ሲል ብንን እላለሁ።

«እትዬ፣ አይዞዎት፤ ምንም የለም እኮ» ትለኛለች።

ምንም አለመኖሩ ነዋ የሚያስደነግጠኝ! እኔ የማሽላ ገበሬ ልጅ ነኝ። ልጅ ሳለሁ፣ ማሽላው ፍሬ ሲይዝ አባቴ እርሻው መሐል ካቆመው ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፉን እያጮኸ «ሃይ! ሃይ!» ሲል ይውላል። እኔ ማማው ሥር፣ ጥላው ላይ፣ በዚያ ጩኸት መሐል ለጥ ብዬ እተኛለሁ። ድምፁ ከጠፋ ግን ብድግ ነው። አባቴን እንቅልፍ ሸለብ ካደረገው ወፉ እህሉ ላይ ሰፈረ ማለት ነው። ያኔ ከሥር «ሃይ!» እለዋለሁ። እሱም ከላይ «አለሁ! ተኚ!» ይለኛል። መልሼ እተኛለሁ።

አባቴን ከቀበርነው ቆየን።

ባለፈው ልጅቱ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ስልኳን አውጥታ፣ «የባሕር ድምፅ ልክፈትልዎት ወይስ የዝናብ?» አለችኝ።

«ደስ ያለሽን ክፈቺ፣ ልጄ» አልኳት።

ባሕሩን ከፈተችው። ሰው ሁሉ ተኛ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ፣ ማንም ሳይሰማኝ በሆዴ «ሃይ!» አልኩ። «አለሁ» እስኪለኝ ስጠብቅ ሰዓቱ አለቀ።