የጀርመኑ ምርጫ ክልል አንቀጽ አሥራ ሁለት

ሥራ የጀመርኩት ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። በሩ ላይ «ትርጉም በሁሉም ቋንቋ» ይላል። ሁሉም ቋንቋ ማለት አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና የቢሮው ባለቤት ጋሽ መኮንን እችለዋለሁ የሚሉት እንግሊዝኛ ነበር። እኔ ጀርመንኛ ጨመርኩበት። የተማርኩት አባቴ ይሠራበት ከነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማሽን መመሪያዎችና ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነው። እስከ ዛሬ በጀርመንኛ ፍቅር መግለጽ አልችልም፤ ዘይት አቀያየር ግን አስረዳለሁ።

ጋሽ መኮንን በመጀመሪያው ቀን ሁለት ደንብ ሰጡኝ። የዋናው ጽሑፍ አንቀጾች በእርሳስ ቁጥር ይሰጣቸው፤ ትርጉሙም ያንኑ ቁጥር ይከተል። ከዚያ ለአብዲ ይነበብ። አብዲ የሕንጻው ጥበቃ ነው። እሱ ጥያቄ ከጠየቀ ሥራው እንደገና ይታያል። ባለ ዲግሪ አርታኢዎች አይቻለሁ፤ የአብዲን ያህል ጨካኝ አልገጠመኝም።

ከዚያ በኋላ ዘመኔን የፈጀሁት በልደት ምስክር ወረቀት፣ በውክልናና በፍቺ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሥልጠና ድርጅት ኃላፊ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። የያዘው ቀጭን መጽሐፍ በጀርመን አገር ያለ የአንድ ምርጫ ክልል ታሪክ ነው።

«ለምን ይጠቅማል?» አልኩት።

«ለገጠር ቀበሌ ተወካዮች። የልምድ ልውውጥ ነው።»

አገሩን አላየሁትም፤ ምርጫ ክልሉን ግን ከሰፈሬ በላይ አውቀዋለሁ። ቁጥሩ ተቀያይሯል፤ ስሙ ረዝሟል። ሕዝቡ ሲበዛ ቆርሰው ለጎረቤት ሰጥተዋል፤ ሲያንስ ከጎረቤት ወስደዋል። አንዱ ፓርቲ ሲያሸንፍ ኖሮ ኖሮ አንድ ቀን ይሸነፋል፤ ጸሐፊው ይህን ዝናብ ዘነበ እንደሚል ሰው በአንድ መስመር ያልፈዋል። እንደዚህ አሰልቺ የፖለቲካ ታሪክ አንብቤ አላውቅም። ቀናሁባቸው።

አንቀጽ አሥራ አንድ አንዲት ትንሽ ከተማ ወደ ጎረቤት ምርጫ ክልል እንደተዛወረች ይናገራል። አንቀጽ አሥራ ሁለት ነዋሪዎቿ በጽሑፍ ተቃውመው ለቀጣዩ ምርጫ ወደ ቀድሞው ክልላቸው እንደተመለሱ።

ኃላፊው ረቂቁን አይቶ፣ «አሥራ ሁለተኛው ይውጣ፤ ሠልጣኙን ያደናግራል» አለ።

«የከተማዋ ሰዎች ግን አልተደናገሩም።»

«ወንድሜ፣ አንተ ተርጓሚ ነህ ወይስ መራጭ?»

ሁለቱንም ልለው አፌን ስከፍት ጋሽ መኮንን ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ። አንቀጹን አወጣሁት።

ለአብዲ አነበብኩለት።

«እና ከተማዋ በዚያው ቀረች?»

«ቀረች።»

«ሰዎቹስ ዝም አሉ?»

«ዝም አሉ።»

«አቦ ተወኝ! ጀርመንም እንደኛ ነው ለካ። የኛንም መንደር ከመልካ ጀብዱ ነጥለው ማዶ ካለው ምርጫ ክልል ጋር ሊያስመርጡን ነው። ገበያችን እዚህ፣ ሐኪማችን እዚህ፣ ተመራጫችን እዚያ! አቤቱታ እንጻፍ እያልኩ ሰው ስጨቀጭቅ ነበር። እነሱ ዝም ካሉማ እኛ ማን ነን?»

በደንቡ መሠረት ሥራው እንደገና መታየት ነበረበት። አላየሁትም። አስረከብኩ።

ሥልጠናው ላይ ቃላት እንዳብራራ ተጠርቼ ሄድኩ። ከፊት የተቀመጠችው የአብዲ መንደር ተወካይ አዴ ፋጡማ፣ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ናት። ገጹን በጣቷ እየተከተለች ቆየችና እጇን አነሳች።

«ከአሥራ አንድ ቀጥሎ አሥራ ሦስት ነው እንዴ? አሥራ ሁለት የት ሄደ?»

አንቀጹን አውጥቼ ቁጥሮቹን እንደነበሩ ትቻቸው ኖሯል። ድፍረት ነበር ብል ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን የእጅ ልማድ ነው። እጄ ደንቡን ከእኔ በተሻለ ይጠብቃል።

«የኅትመት ስህተት ነው» አለ ኃላፊው።

«አቦ፣ ማተሚያ ቤት አንቀጽ ይበላል? ይኸው ተርጓሚው ተቀምጧል፤ ይንገረና!» አለች።

አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ኃላፊው ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ጀርመንኛው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ አሥራ ሁለትን ከዚያው ላይ በአማርኛ አነበብኩ። አዴ ፋጡማ በኦሮምኛም አስደገመችኝ። ኃላፊው ውኃ ጠጣ።

ለሻይ ስንወጣ እሷ ወረቀት ጠየቀች። አቤቱታው በሳምንቱ ገባ። መንደሩን የማዛወሩ ሐሳብ «እስኪጠና» ተብሎ ቆሟል፤ እኛ ዘንድ እስኪጠና ማለት ረጅም ዕድሜ ነው። ኃላፊው ግን ዳግመኛ አልመጣም፤ ጋሽ መኮንን አንድ ወር አኮረፉኝ።

ለአብዲ እንደዋሸሁት ነገርኩት። «ሰምቻለሁ ወላሂ» አለ። ከዚያ ወዲህ ሳነብለት ዝም ብሎ አይሰማም፤ ወረቀቱን ተቀብሎ መጀመሪያ ቁጥሮቹን ይቆጥራል።

ደንበኛ ይውጣ ያለውን አንቀጽ አሁን አላወጣም። ሙሉውን ተርጉሜ አስረክባለሁ። መሰረዝ የፈለገ በራሱ እጅ ይሰርዝ።