የሶፊው ቦረቦርና የሸኹ መቃብር

ካርታ መደራረብ የተማርኩት የተራራ በረዶ ምን ያህል እንደቀለጠ ከሚለኩ ሰዎች ነው። አሮጌውን ካርታ ከሳተላይት የከፍታ መረጃ ጋር ሲያጣብቁ መጀመሪያ የሚፈልጉት ሁለቱን የሚያያይዙበት የማይነቃነቅ አለት ነው። እኛ ሐረር ግግር በረዶ የለንም፤ ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር ግን ሞልቶናል። እኔም እሱን እለካለሁ።

የእናቴ የቆዩ ወዳጅ የሆኑ አንድ የሶፊ ገጠር ገበሬ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ አንድ ቀን ቤታችን መጡ። ከባሏ ተለይታ ለተመለሰች ልጃቸው ቦረቦሩ አፋፍ አጠገብ ቤት ሊሠሩላት ነው፤ ሌላ መሬት የላቸውም። ቦረቦሩ ይደርስባት እንደሆነ ካርታሽ ይንገረኝ አሉ። እኔም ኮራ ብዬ እሺ አልኩ።

ለማጣበቂያ የመረጥኩት ከአፋፉ ከፍ ብሎ ያለውን፣ ሰፈሩ የሚያከብረውን የሸኹን መቃብር ነበር። አሮጌው ካርታ ላይ አለ፣ ዛሬም አለ፤ መቃብር ደግሞ የት ይሄዳል? ውጤቱ ሲወጣ ግን ደስ አላለኝም። በቦረቦሩና በመቃብሩ መካከል ያለው ርቀት ያው ነው፤ ያ ሁሉ ክረምት ዘንቦ መሬቱ ክንድ እንኳ አልተበላም። ይባስ ብሎ በዙሪያው ያሉት ኮረብታዎች በሙሉ ቁልቁል የተንሸራተቱ ይመስላሉ። ኮረብታ አይሄድም።

በማግስቱ ሶፊ ወረድኩ። መሠረቱ ተቆፍሮ ድንጋይ ገብቶበታል፤ ልጅቷ ጭቃ ታቦካለች። አባቷን፣ ልጅ ሳሉ መቃብሩ የት እንደነበር ጠየቅኳቸው። በከዘራቸው የቦረቦሩን መሐል አመለከቱ። እዚያ ያለው ባዶ አየር ነው።

«ቦረቦሩ ሲጠጋቸው ሸኹ ይነሳሉ» አሉኝ ቀስ ብለው።

ሰዉ ዱዓ አድርጎ አጽማቸውንም ድንጋያቸውንም ተሸክሞ ወደ ላይ ያወጣቸዋል፤ በሽማግሌው ዕድሜም ደጋግመው ተነስተዋል። ለምን አስቀድመው እንዳልነገሩኝ ብጠይቅ፣ ካርታው የሚያውቅ መስሏቸው ነው። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን እንጃ።

ላፕቶፔን እዚያው ከፍቼ መቃብሩን ተውኩትና በኮረብታዎቹ ጫፍ አጣበቅኩ። ኮረብታዎቹ ቦታቸው ገቡ፤ ቦረቦሩ ግን ስክሪኑ ላይ ዘሎ መጣ። ሸኹን ሲያሳድድ ነው የኖረው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤ ያን ቀን ዝናብም አልነበረ፣ ከቆምንበት ሥር ግን አፈር ሲረግፍ ይሰማል።

«አባባ፣ እዚህ ቤት አይሠራም» አልኳቸው። «እርስዎ ያሉበትም አይቆይም።»

አዲሱ መቃብር ከቤታቸው በላይ ነው፤ ቀና ብለው አዩት።

«ሸኹ የሚያነሳቸው ሰው አላቸው። እኛንስ ማን ያነሳናል፣ ልጄ?»

ልጅቷ ጭቃዋን ትታ መሠረቱ ውስጥ ገባችና አንድ ድንጋይ ነቅላ ተሸከመች። ዳገቱን ወጥታ መቃብሩ አጥር ሥር አስቀመጠችው። የሸኹ መሬት ነው፤ ማንም ጎጆ ቀልሶበት አያውቅም። አባቷ ሊከለክሏት ከዘራቸውን አነሱ፤ ጥቂት ቆይተው ዝቅ አደረጉት።