ካቫውን የተቀበለው ወንድም
ሰውየው ዛሬም በደሴቲቱ ከተማ በላባሳ፣ ፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ ከአግዳሚው ወንበር ጫፍ ተቀምጧል። የተተኮሰ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ከሽርጡ በታች ያለው ነጠላ ጫማው ግን ጭቃ በጭቃ ነው። አንዲት ሴት አጠገቡ ልትቀመጥ ስትል በመዳፉ ከለከላት።

«ሰው አለበት፤ ወንድሜ ይመጣል።»

የመዝገብ ቤቷ ኡናይሲ ነገሩን ታውቀዋለች። ወንድሙ የአባታችንን ቤት ልቀቅልኝ ብሎ ከሰሰው። እሱ ደግሞ የመከላከያ መልስ በማስገባት ፈንታ ተወቅጦ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን የካቫ ሥር ተሸክሞ ደጁ ሄደና ይቅርታ ጠየቀ። ወንድሙም ተቀብሎ፣ ይቅር ያለ ሰው እንደሚያደርገው አጨበጨበ፤ አብረው ጠጡ። እዚህ አገር ካቫ ከተጠጣ ጠብ አልቋል፤ ቀጠሮውን ማን ያስታውሰዋል? ፍርድ ቤቱ ግን ጭብጨባውን አልሰማም፤ በሌለበት ፈረደበት።

«አባባ፣» አለችው ኡናይሲ ብቅ ብላ፣ «ፍርዱ ይነሳልኝ ብለው ማመልከት ይችላሉ እኮ። ዛሬ ካለፈ ግን ይሄም ያመልጥዎታል። እኔ ልጻፍልዎት?»

«ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው፣ ልጄ? ወንድሜ ያጨበጨበው በውሸት ነው ብለሽ?»

ቢሮዋን ቆልፋ ስትወጣ እዚያው ነበር። ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ በመሐረቡ ይጠርጋል።