አራት ጣት ጭማሪ

መልእክቱ የደረሰኝ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ነው። ውጭ አገር የምትኖረው ታላቅ እህቴ በልኬ የሚሠራ የብስክሌት ፍሬም ልታሠራልኝ ቃል ገብታልኝ ነበርና ሠሪው ተራዬ መድረሱን አስታወቀኝ። የሰውነቴን ልክ በሳምንቱ ውስጥ እንድልክለት፣ በሚቀጥለው ሰኞ ቆርጦ መሥራት እንደሚጀምር፣ አንዴ ከተቆረጠ ግን መመለሻ እንደሌለው ጽፏል። የዚያን ዕለት ቢሮ ገብቼ ምን እንደሠራሁ አላስታውስም።

ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት ብርቅ አይደለም። ለእኔ ብርቅ የሆነው «በልክሽ» የሚለው ቃል ነው። ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። አባቴ ረጅም ሰው ስለነበር ብስክሌት የለመድሁት በእሱ ብስክሌት፣ አንድ እግሬን ከብረቱ ሥር አሹልኬ፣ ወገቤን አጣምሜ ነው። ከዚያ ወዲህ የነዳሁት ሁሉ የሌላ ሰው ልክ ነበር። ለሥራ ብዬ እዚህ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐሙሲት ከተማ ድረስ ነድቼ ስመለስ ደስታዬ ወደር የለውም፤ ጉልበቴና ወገቤ ግን እስከ ማክሰኞ አይለቁኝም።

ለብረት ይህን ያህል መጓጓት ኀጢአት እንዳይሆንብኝ ሰግቼ የነፍስ አባቴን ጠይቄአቸዋለሁ። ከቅዳሴ የሚያስቀረኝ እንዳይሆን፣ ይልቁንም ወደ ቅዳሴ የሚያደርሰኝ እንዲሆን አሳስበው ፈቀዱልኝ።

ከምን ይሠራ የሚለውን የቆረጡልኝ ዓባይ ማዶ ብስክሌቴን የሚጠግኑልኝ ሽማግሌ ናቸው። ካርቦን ከሚሉት የሚሠራው እንደ ላባ ቀላል ነው ብዬ ፎቶውን ባሳያቸው፣ ሲሰነጠቅ እዚህ ማን ሊያክመው ነው አሉኝ። ብረት ከሆነ እሳቸውም ይበይዱታል። እሺ፣ ብረት። ቀለሙን ለመምረጥ ግን ሦስት ቀን ፈጀሁ። ከሥራ ስወጣ ሐይቁ ዳር እየሄድሁ፣ ስልኬ ላይ ያሉትን ቀለሞች ከውኃው ጋር፣ ከዛፉ ጋር፣ ከሰማዩ ጋር አስተያይ ነበር። በመጨረሻ ውኃ የነካው ደንገል የሚመስለውን አረንጓዴ መረጥሁ። ለመረጥሁት ቀለም ብቻዬን ሳቅሁ፤ መንገደኛ ዞር ብሎ አየኝ።

ቀሪው መለካቱ ነበር። ሠሪው እንዳለው ከሆነ በባዶ እግሬ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ፣ ደረቅ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በጭኖቼ መካከል አስገብቼ፣ ከመጽሐፉ ጀርባ እስከ መሬት መለካት አለብኝ። በቤቴ ደረቅ ሽፋን ያላቸው መጻሕፍት ዳዊቱ፣ ውዳሴ ማርያሙና ድርሳኑ ናቸው። መደርደሪያውን አየሁ፤ አማተብሁና ወጣሁ።

የሄድሁት ፔዳ አካባቢ ወዳለችው ልብስ ሰፊዬ ነው። ቀሚሶቼን ሁሉ የሰፋችልኝ እሷ ናት። ለሱሪ እንደሚለካው አድርጋ የውስጥ እግሬን፣ ክንዴን፣ ወገብና ጀርባዬን ለክታ ደብተሯ ላይ ጻፈችልኝ። እኔ ሥራዬ የጥራት ቁጥጥር ነው፤ የሰውን ስሕተት ፈልጌ ነው የምኖረው። ስለዚህ ቁጥሮቹን ስገለብጥ ሦስት ጊዜ አመሳከርሁ። አንድም ዝንፍ አላለም። ላክሁት።

ዓርብ የፍሬሙ ንድፍ መጣ። ደስታዬን ብቻዬን መያዝ አቅቶኝ በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ወደ ዓባይ ማዶ በረርሁ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ንድፉን አዩ። ከዚያ ሜትር አንሥተው ግድግዳ ላይ የተደገፈውን የራሳቸውን ብስክሌት ለኩ።

«ልጄ፣ ይኼ የኔ ብስክሌት ነው» አሉኝ። «ሲመጣ ለኔ ስጭኝ። አንቺ ከዚህ ላይ ለመውጣት መሰላል ያስፈልግሻል።»

ሦስት ጊዜ ማመሳከሬን ነገርኋቸው። ቁጥሩን ትተው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። እሳቸው ከእኔ በአንድ ራስ ይረዝማሉ። የአባቴ ብስክሌት ዓይኔ ላይ መጣ፤ አሁንስ በስሜ ተሠርቶ ሊመጣብኝ ነው።

ቅዳሜ በማለዳ የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኳሁ። እንዴት እንደለካችኝ ስጠይቃት ግራ ገባት።

«እታለም፣ ያንቺን ልክ ያለ ጭማሪ ወስጄ አውቃለሁ? ‹አይጥበቅብኝ፣ ቤተ ክርስቲያን የምገባበት ነው› የምትይኝ አንቺው አይደለሽ?»

እውነቷን ነው። በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን ሳትጨምር ሰፍታልኝ አታውቅም፤ ለእግር አራት ጣት፣ ለክንድ ሁለት ጣት። ጭማሪውን በልቧ ደምራ የምትጽፈው ድምሩን ነው። እኔ ደግሞ ቁጥሩ በትክክል መገልበጡን እንጂ ቁጥሩ የምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ብስክሌት ሊሠራበት እንደሆነ ስነግራት ክሩ ከእጇ ወደቀ።

«ቀሚስ ቢሰፋ አጠብበዋለሁ» አለች። «ብረቱን ማን ያጠብበዋል?»

ከዚያ በኋላ ከእኔ ይልቅ የተጣደፈችው እሷ ናት። የመጽሐፉን ነገር ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች፤ ወዲያው ሮጣ ወጣችና ጎረቤት ቤት ከሚሠራው ግንበኛ ውኃ ልክ ተውሳ መጣች። በሩን ዘጋች። በስስ ሱሪ፣ በባዶ እግሬ ግድግዳው ላይ ተለጠፍሁ። ውኃ ልኩን በመጽሐፉ ፈንታ ወደ ላይ ስስበው፣ እሷ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ አረፋውን ትጠብቃለች፤ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ትንሽ ቀና አድርጊው፣ አሁን መሐል ገባ። ሳላውቀው በጣቶቼ ጫፍ ቆሜ ኖሯል፤ ተረከዜን በመዳፏ ተጭና አወረደችው። ከዚያ በልብስ ጠመኔዋ ግድግዳው ላይ ምልክት አደረገች።

ሰባ ሁለት ሴንቲ ሜትር። የላክሁት ሰማንያ ነበር።

ክንዱም ጀርባውም እንደዚያው ያለ ጭማሪ ተለካ። ለሠሪው ይቅርታ ጠይቄ አዲሱን ልክ ላክሁለት። ከሰዓት በኋላ አዲስ ንድፍ መለሰልኝ፤ የላይኛው ብረት ዝቅ ብሏል፣ መሪውም ቀርቧል። እስማማለሁ ካልሁ ሰኞ ይቆረጣል።

ከእንግዲህ ወረቀት አላምንም ብዬ እንደገና ወደ ዓባይ ማዶ ሄድሁ። ሽማግሌው ከጓሮ አንድ አሮጌ ትንሽ ብስክሌት አወጡ። ንድፉን እያዩ መቀመጫውን ዝቅ፣ መሪውን ቀረብ አደረጉ፤ ብሎኑን አጥብቀው ሰጡኝ። ብረቱን ተሻግሬ ቆምሁ። ሁለቱም እግሮቼ መሬት ላይ ሙሉ አረፉ፤ ብረቱ አልነካኝም።

እስከ ዓባይ ድልድይ ነዳሁት። ወገቤ እንደ ልማዱ ለመጣመም ሲዘጋጅ ታወቀኝ፤ የሚጣመምበት ምክንያት ግን አጣ። ትከሻዬ ወረደ፣ ክንዴ ላላ፣ ጉልበቴ በቀጥታ ወጣ ወረድ አለ። ባጃጆቹ ጥሩንባ እየነፉ ያልፉኛል፤ እኔ «ተመስገን» እላለሁ፣ ደግሞ እስቃለሁ። ስመለስ ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

«መሰላሉ ቀረ» አሉ።

እዚያው ቆሜ፣ አንድ እጄ መሪው ላይ እንዳለ፣ ስልኬን አወጣሁና ለሠሪው «ይቁረጡት» ብዬ ጻፍሁ።