ፋይበር ግላስ የሰፋንበት ክረምት

ባለቤቴ ለሁለተኛ ዲግሪው ጥናት በሚሠራበት ክረምት፣ አንድ እሁድ ከቸርች እንደተመለስን የስፌት መኪናዬን ለመጠቀም አስፈቀደኝ። እኔ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ መኪናዋም ከመጋረጃና ከልጆቻችን ዩኒፎርም ያለፈ ሥራ አታውቅም።

"ምን ልትሰፋ?"

"ፋይበር ግላስ።"

ከመስታወት ክር የተሸመነ ነጭ ጨርቅ አወጣ። ጨርቁ ተደራርቦ ሙጫ ጠጥቶ ሲደርቅ የጀልባ ገላ የሚሠራበት ጠንካራ ሰሌዳ ይወጣዋል። ችግሩ፣ አለኝ፣ ድርቦቹን የያዛቸው ሙጫው ብቻ ነው፤ ሲመታ ውስጡ ይሰነጠቅና ድርብ ከድርብ ይላቀቃል። ሙጫ ከመጠጣቱ በፊት ከላይ እስከ ታች ቢሰፋስ? ይህን ነበር የሚያጠናው።

መኪናዋ ወዲያው መርፌ ሰበረች። ሳሎን ወለል ላይ ተቀምጠን በእጃችን መስፋት ያዝን። ብናኙ ሲያሳክክ ለጉድ ነው፤ ያለችንን አንድ ጓንት ለእኔ ሰጥቶ እሱ ክንዱን ሲያክ ይውላል። የሱ ስፌት ደግሞ የተራራቀና ጠማማ ነው። እኔ እንደ ጥልፍ ጥቅጥቅ አድርጌ ሰፋሁ።

"የኔዋ ንቅንቅ አትልም" አልኩት። ሳቀብኝ።

ሰሌዳዎቹ ሙጫ ጠጥተው ከደረቁ በኋላ፣ የሙከራው ቀን ከሰፈራችን ከታቦር በባጃጅ ወደ ዩኒቨርሲቲው አብሬው ሄድኩ። የመሞከሪያው ማሽን ያልተሰፋውን ሰሌዳ ድርቦች ወደላይና ወደታች ሲጎትታቸው እስከ መጨረሻው ተላጠ። የባለቤቴ ጠማማ ስፌት ላይ ግን ስንጥቁ ክሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጉልበት ሲጨመርበት ክሩ ተበጠሰና ስንጥቁ እስከሚቀጥለው ክር ብቻ ሄደ። ባለቤቴ እጄን ጭምቅ አድርጎ ያዘ። የኔዋም ጭራሽ አልላቀቅ አለች። በርዝመቷ ሲጎትቷት ግን ከሁሉም ቀድማ ተበጠሰች።

"ምን ሆና ነው?"

"መርፌው ሲበዛ የመስታወቱን ክሮች ጎድቷቸዋል።"

ማኩረፌን አይቶ ጠጋ አለኝ። "ስፌት ሲበዛ ምን እንደሚያመጣ የሚያሳይ ናሙና እኮ አልነበረኝም። አንቺ ሰጠሽኝ።"

ጥናቱን ባቀረበ ቀን ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። አንድ ሸምገል ያሉ ፈታኝ የኔዋን ስብርባሪ አንስተው አገላበጡና "ይቺን እንዲህ አስጨንቆ የሰፋት ማነው?" አሉ።

"ባለቤቴ ናት። ያችውና!" አለ እየጠቆመኝ።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ፈታኙ ወደኔ ዞረው ጎንበስ አሉና "እጅዎ ይባረክ" አሉኝ። እኔም ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ።